«ኮርስ» የሚለው ሳጥን፤ ለቀድሞ ሠራዊት የየክፍሉ ማኅበራት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት የየክፍሉ ማኅበራት መሪዎችና አባላት

ግልባጭ፦ አባቱ፣ ወንድሟ ወይም ባሏ በዚያ ሠራዊት ውስጥ ለነበረ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ተራ ወታደሩን ስለመፈለግ

ጤና ይስጥልኝ።

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቅጽ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ማኅበር፣ ስሙን አልጠራም፣ የቀድሞ ባልደረቦች ተመዝገቡ የሚል ጥሪ አወጣ። ደስ ብሎን እኔና አንድ ጓደኛዬ ሄድን። ጸሐፊዋ ልጅ በትሕትና ተቀበለችን። ወንበር ሰጠችን፤ አንዳንድ ወረቀት አደለችን። ጓደኛዬ መነጽሩን ረስቶ ስለመጣ ልሞላለት ብዕሩን ያዝኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ደህና። ማዕረግ። «ወታደር በል» አለኝ። ቀጥሎ «የተመረቁበት ተቋምና ኮርስ» የሚል ሳጥን መጣ።

«የምን ኮርስ?» አለ።

«የተመረቅክበት ነው የሚለው።»

ትንሽ አሰበና «ናቅፋ ብለህ ጻፍ» አለኝ።

ጻፍኩ። ስልኬንም ከጎኑ አከልኩበት፣ እሱ ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። «አባቴ፣ ይሄ እኮ ትምህርት ቤት ነው የሚጠይቀው» አለችው። «እሱም ትምህርት ቤት ነበር ልጄ» አላት። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደወለልንም።

በልጅቷ ቅር አላለኝም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰውም ክፉ አይመስለኝም። የሚያውቀውን ሰው በዓይኑ አድርጎ ነው የሠራው። መኮንን ለመፈለግ ኮርሱ ይበቃል። ከ1927 ጀምሮ ሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት፣ ከ1950 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ ያሠለጠኗቸው ሰዎች በኮርስ ቁጥር ነው የሚተዋወቁት። «የስንተኛ ኮርስ ነህ?» ይባላል፤ መልሱ ሲመጣ ግማሹ የሕይወት ታሪክ ታወቀ ማለት ነው። የምርቃት ፎቶ አላቸው። የስም ዝርዝር አላቸው። ውጭ አገር ያለው እዚህ ላለው ይደውላል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ በዓመት አንድ ቀን አዳራሽ ተከራይተው፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ይገናኛሉ። እሰየው ነው። ቅናት እንዳይመስልብኝ እንጂ ያስቀናል።

ተራው ወታደር ግን ኮርስ የለውም። ዙር ነው ያለው፤ እሱንም ቢሆን ብዙው ረስቶታል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። ወጣቱ ከ18 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይላል። ሁለቱ ዓመት ለብዙዎቻችን መንግሥት እስኪወድቅ ቆየ። ከእኛ በፊት ደግሞ በ1969 ታጠቅ ላይ የሠለጠነው ሚሊሺያ አለ። ገበሬ ነው። ከማሳው ተነስቶ ጦር ሜዳ የወረደ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሲበሰር እዚያ ከነበሩት መካከል ስሙን መጻፍ የማይችል ስንቱ ነበር። እሱን «የተመረቁበት ተቋም» ብላችሁ ጠይቁትና ምን እንደሚል እንስማ።

ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን በማቋቋሚያ ኮሚሽኑ በኩል ያለፈው ብቻ ከ450 ሺህ በላይ ነበር። እናንተ አዳራሽ ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምትሰበሰቡት? ሁለት መቶ? ሦስት መቶ?

ከጓደኛዬ ጋር እንዴት እንደተገናኘን ልንገራችሁ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ መነሻው እሱ ነው።

እኔ ስልከኛ ነበርኩ። በ1977 በብሔራዊ ውትድርና ገብቼ ኤርትራ፣ ናቅፋ ግንባር፣ አንድ ሻለቃ ውስጥ መገናኛ ላይ ተመደብኩ። የየትኛው ክፍለ ጦር ነህ ትሉኝ ይሆናል። ቁጥሩን ብጠራ ነገሩ የእኛ ብቻ ይመስላልና ልለፈው። ከምሽግ ምሽግ የተዘረጋ ሽቦ ነበር። ጫፉ ላይ በእጅ የሚዘወር ስልክ። ሻለቃው ዘንድ እኔ፣ ሻምበሎቹ ዘንድ ሌሎች። ሌሊት በየሰዓቱ መስመር እንፈትሻለን። ትዘውራለህ። «ይሰማል?» ትላለህ። «ይሰማል» ይልሃል። አለቀ። ካልመለሰ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ሰውዬው እንቅልፍ ጥሎታል፣ ወይ ሌላ ነገር ነው። ሽቦ ሲበጠስ መብራት አይበራም። እጅህን ሽቦው ላይ እያሳለፍክ በጨለማ ትከተለዋለህ። ጣትህ ባዶ ሲይዝ፣ እዚያ ጋ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ ሻምበል ላይ ከነበረው ስልከኛ ጋር ሁለት ዓመት ያህል በየሌሊቱ ተደማምጠናል። መልኩን ያየሁት ምናልባት አራት ጊዜ ነው። አለቆች ሲተኙ እናወራ ነበር። ስለ እህቱ ሰርግ፣ ስለ አባቱ በቅሎ። በቅሎዋ አንድ ወንዝ ላይ ስትደርስ አትሻገርም ብላ ትቆም ነበር። ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይከራከር ነበር አለኝ። እኔም አብሬ ተከራከርኩ፤ በስልክ፣ በሌሊት፣ ያላየኋትን በቅሎ። አነጋገሩ ላይ አንድ ነገር ነበረች። «ረ» ስትመጣ ትንሽ ይጎትታታል።

መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ሻዕቢያ ሰበረን። ግንባሩን የያዘው የእኛ ጦር፣ ናደው ዕዝ፣ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። እኔ ወጣሁ። በመጨረሻው ሰዓት ብዘውር ብዘውር ሁለተኛ ሻምበል አልመለሰም። ሞቷል አልኩ።

በ2013 አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄድኩ። በር ላይ ፍተሻ አለ። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ የሰው ቦርሳ እያየ «ትንሽ ይታገሡ አባቴ፣ ወረፋ አለ» አለኝ።

ወረፋ። ያቺ «ረ»።

ክው አልኩ። ፊቱን ባየው አላውቀውም። የፊት ጥርሱ የለም፤ ጸጉሩ ጥጥ መስሏል። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት ስሙ ጠፋኝ። ሳላስበው «ይሰማል?» አልኩት።

ቀና አለ። አየኝ። ከኋላዬ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ።

«ይሰማል» አለ።

ቦርሳዬን ሳይፈትሽ አሳለፈኝ ብል ያምር ነበር። ፈተሸ። ሥራው ነው። ከሥራ ሲወጣ ግን እስኪመሽ ተቀመጥን። እሱም እኮ 33 ዓመት ሙሉ እኔን እንደሞተ ሰው ነው የያዘኝ። ለመጨረሻዎቹ 15 ዓመታት ደግሞ አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የታክሲ መስመር እየተጠቀምን ነው የኖርነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይኸው ነው። የአሁን ፎቶ ብቻ አትሰብስቡ። በ20 ዓመቱ የምታውቀውን ሰው በ60 ዓመቱ በፎቶ አታውቀውም፤ ተራ ወታደር ደግሞ የያኔ ፎቶ የለውም። ማን ካሜራ ይዞ ምሽግ ይገባል? ድምፅ ግን ይቆያል። ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ መቅዳት ይችላል፤ የሌለውን ልጁ ትቀዳለታለች። አንድ ደቂቃ ይበቃል። «እገሌ ይሉኝ ነበር፣ መትረየስ ተኳሽ ነበርኩ፣ እዚህ ቦታ ነበርኩ።» እሱን በቴሌግራም ልቀቁት፤ ከአገር አገር ይዞራል። ማንበብ የማይችለውም ይሰማዋል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ይላል።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ቅጻችሁ የሚጠይቀው የመታወቂያ ስም ነው። እኛ በዚያ ስም አንተዋወቅም። አንድ ሻምበል ውስጥ አራት ከበደ፣ ሦስት መሐመድ ካለ የአባት ስም የሚያስታውስ ማን ነው? ስልከኛው «ሁለተኛ» ነው፤ እኔ እሱን እንደዚያ ነበር የምጠራው፣ ሻምበሉ እስኪመስል። ሐኪም ረዳቱ «ዶክተር» ነው። ድቁና ተምሮ የመጣው ልጅ «ቄሱ» ነው። በጣም የሚወፍረው «ቀጮ» ነው። እንዲያውም በአፈሳ የተያዘ ልጅ ሌላ ስም ነግሮ በዚያው የቀረ አለ። መዝገቡን ብታገላብጡት እንደዚያ የሚባል ሰው ተወልዶ አያውቅም፤ ሰውዬው ግን ሰባት ዓመት ተዋግቷል። ስለዚህ ከማዕረግም ከምንም በፊት «ምን ይሉህ ነበር?» የሚል መስመር ይግባበት። ሌላው ቢቀር እሷን ጨምሩ።

ክፍሉም እንደዚሁ ነው። ማኅበሮቻችሁ በክፍለ ጦር፣ በብርጌድ የተደራጁ ናቸው። ሲጀመር ጥሩ ነው። አንድ ክፍል ሲመታ ግን ትራፊው ሌላ ክፍል ላይ ይጨመር ነበር። እኔ ራሴ ሦስት ክፍል ቀይሬያለሁ። ከናቅፋ የወጣን ጥቂቶች አንድ ቦታ ተደለደልን፤ እሱም ሲሳሳ ሌላ ቦታ። አንደኛው ማኅበር «አንተ የእኛ አይደለህም፣ መጨረሻ ላይ ነው የመጣኸው» ይላል። ሌላው «አንተ ቀድመህ ሄደሃል» ይላል። የመጀመሪያው ክፍሌ ደግሞ ማኅበር የለውም፤ ማኅበር የሚያቋቁም ሰው አልተረፈለትማ። ዝርዝራችሁን እርስ በርስ ተለዋወጡ። አንዱ ማኅበር የፈለገውን ሰው ሌላው ማኅበር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ይሆናል። ይሄ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ ወጣት ከነኮምፒዩተሩ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ያልቃል።

ፍለጋው ደግሞ አዳራሽ ውስጥ አይሆንም። ሰዎቻችን ያሉት እድር ውስጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ በረንዳ ላይ ነው፤ በየገበያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ በር ላይ ካፖርት ደርበው የሚቆሙትን ሽማግሎች ጠይቁ፤ ከአምስቱ አንዱ «የየት ክፍል?» ብሎ መልሶ ባይጠይቃችሁ ይገርመኛል። በሬዲዮ አስነግሩ። የአገር ቤት ሰው አሁንም ሬዲዮ ያዳምጣል። ሴቶቹንም አትርሱ። መገናኛ ላይ፣ ሕክምና ላይ፣ ጽሕፈት ላይ ስንት እህቶች ነበሩ፤ አግብተው ልጅ ወልደው፣ ወታደር እንደነበሩ ለጎረቤት እንኳ ሳይናገሩ የሚኖሩ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ያልኩት በሕይወት ስላለው ነው።

እኔና ጓደኛዬ ከተገናኘን በኋላ አንድ በአንድ ፈለግን፣ አሥራ አንድ ሆንን። በ2015 ከመካከላችን ሦስታችን ወደ ሰሜን ሸዋ ሄድን። የ«ቄሱ» አገር ነው። «ቄሱ» አፋቤት ላይ ነው የወደቀው፤ ጓደኛዬ አጠገቡ ነበር። እናቱ በሕይወት አለች የሚል ወሬ ሰማን። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነገራትም። ከመንግሥት ወረቀት አልመጣም፤ ከእኛም አንድ ሰው አልሄደም። 35 ዓመት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዝም ተብሎ አይገባም። ዋዜማውን የደብሩን አለቃና የእድሩን ዳኛ አናገርን። ሊነጋ ሲል ሽማግሎቹ ቀድመው ገቡ፤ እኛ ከኋላ። እናትየዋ ሰማንያ አልፏታል፤ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ይህን ያህል ሰው በማለዳ ስታይ ገባት። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ትዘክራለች፤ ልጄን ከመለስክልኝ ብላ ተስላ ነው። የዘንድሮውንም ዘክራለች።

ሲነገራት መጀመሪያ አላለቀሰችም። ወደ ጓደኛዬ ዞራ «አንተ ነህ አጠገቡ የነበርከው?» አለችው።

«አዎ እናቴ።»

«ውሃ ጠጥቶ ነበር?»

ጓደኛዬ እኔን አየኝ። ምን ላድርግ፣ አቀረቀርኩ። «ጠጥቷል» አላት። እውነቱን ብትጠይቁኝ አልጠጣም። ሁለት ቀን ሙሉ አልጠጣንም። ያን ማለቱ ልክ ይሁን ስሕተት ይሁን በመልሱ መንገድ ሁሉ ተነጋግረን አልተስማማንም፤ ዛሬም አልተስማማንም።

ከዚያ አለቀሰች። ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰ። ድንኳን ተተከለ። 35 ዓመት የቆየ ሐዘን እንደ ትናንት ሆኖ ተለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ልንሰናበት ስንል እጃችንን ይዛ «አሁን እርሜን አወጣሁ» አለችን።

እንደ እሷ ያሉ ስንት እናቶች እንዳሉ አስቡት። ብዙዎቹ ሳይነገራቸው አልፈዋል። በሕይወት ያሉትም በጣም አርጅተዋል። መርዶውን የያዝነው እኛ ነን። የትኛው ልጅ የት እንደወደቀ የሚያውቀው የኮርስ ጓደኛው አይደለም፤ ምሽግ የተጋራው ተራ ወታደር ነው። ያ ወታደር ደግሞ ወይ በር ላይ ቆሟል፣ ወይ ያርሳል፣ ወይ ታሞ ተኝቷል። እሱ ሲሞት መርዶው አብሮት ይቀበራል።

«ተስፋ ይቁረጡ ነው የምትለው?» ያለኝ ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሶማሊያው ጦርነት የተማረኩት ወንድሞቻችን የእስረኛ ልውውጥ ተደርጎ የተመለሱት በ1980 ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ። በቁማቸው የተለቀሰላቸው ነበሩ። ኤርትራም የተማረከው ብዙ ነው፤ ተፈትቶ ሱዳን የቀረ፣ እዚያው አግብቶ የወለደም አለ። ስለዚህ በወሬ መርዶ አይነገርም። ያየ ሰው ይቅረብ፤ ሁለተኛ ሰው ይጨመርበት። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ብቻውን የሆነ ሽማግሌ «አየሁ» ቢል የሚያመሳክርለት የለም።

ነገሩ የእንባ ብቻም አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከሁለት ዓመት በላይ ወሬው የጠፋ ሰው ካለ ባለጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጥፋቱ እንዲወሰንለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ስንቱ ቤተሰብ ያውቀዋል? ቢያውቅስ ማንን ምስክር ይቆጥራል? በዚህ መካከል ባሏ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ያረጀች ሴት አለች። በአባታቸው ስም ያለ ቤት ላይ የሚጣሉ ልጆች አሉ። ከማኅበራችሁ አንድ ጠበቃ፣ ከአባሎቻችሁ ደግሞ ሁለት ምስክር ብትሰጧቸው ጉዳዩ መልክ ይይዛል።

መዝገብ መያዝ የማንችል ሕዝብ አይደለንም እኮ። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ወደ ኮሪያ ሄደ። ከ6 ሺህ በላይ ሰው በየተራ ተላከ፤ ከ120 በላይ ወደቀ። እነዚያን በቁጥር እናውቃቸዋለን። አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ አላቸው። ማኅበራቸው በክፉ ጊዜም አልፎ ደርግ ሰሜን ኮሪያን ወዳጅ ባደረገበት ዘመን አንገት ደፍቶ ኖሮ፣ ኋላ እንደገና ቀና አለ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ደቡብ ኮሪያ ሄደው የሚማሩበት ዕድል አለ። ይህን ሁሉ ያስገኘው በጊዜ የተያዘ ዝርዝር ነው። የአርበኞች ማኅበርም ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የአባቶቹን ሜዳልያ ያጠለቁ ልጆችን ያሰልፋል። እኛ ከሁለቱም በቁጥር እጅግ እንበዛለን፤ ዝርዝር ግን የለንም።

ለምን እንዳልያዝን አውቃለሁ። ፈርተን ነው። ከ1983 በኋላ «የደርግ ወታደር» መባል ስድብ ነበር። ከተሃድሶ ካምፕ ወጥተን ሁለት ሦስት ሆነን ሻይ ብንጠጣ እንኳ ዞር ዞር ብለን እናይ ነበር። ፎቶውን ያቃጠለ አለ፤ የምስክር ወረቀቱን የቀበረ አለ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከመካከላችን ብዙ ባለሙያ ተመልሶ ተጠራ፤ ሄደ፤ ተዋጋ። ያኔ እንኳ ስለ ድሮው ክፍሉ ጮክ ብሎ የሚያወራ ጥቂት ነበር። ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከወጣ ወዲህ ማኅበር ማስመዝገብ እንደ ቀድሞው አስፈሪ አይደለም። ሰው ግን ፍርሃቱን በአዋጅ አይተውም። ስለዚህ ስትጠሩት መጀመሪያ ለምን እንደምትፈልጉት ንገሩት። ፖለቲካ እንዳልሆነ፣ የማንም ድርጅት ድጋፍ ማሰባሰቢያ እንዳልሆነ። ስትሉትም የምራችሁን ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጨምር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በዚያ ሠራዊት ስም የተሠራ ክፉ ሥራ አለ። ሰኔ 1980 ትግራይ፣ ሐውዜን ላይ፣ በገበያ ቀን ሕዝብ በአውሮፕላን ሲደበደብ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ስንገናኝ ጀግንነታችንን ብቻ እያወራን የምንበታተን ከሆነ፣ ሌላውን በሆዱ የያዘው ሰው ተመልሶ አይመጣም። አንዳንዱ እንቅልፍ የሚያጣው በፈሪነቱ ሳይሆን ባየው ነው። ለእሱም ወንበር ይኑር። ከወዲያኛው ወገን የነበረውም ቢሆን ዛሬ እንደኛው ሽማግሌ ነው። ሐምሌ 2010 የኤርትራ ስልክ ሲከፈት ሰው የማያውቀውን ቁጥር ሳይቀር እየደወለ ሰላም ይል ነበር። ስልከኛ ነኝና እኔም ሞከርኩ። አንዲት ሴት አነሳች። በተሰባበረው የምሽግ ትግርኛዬ ጤናዋን ጠየቅኳት። ሳቀች፤ ጤናዬን ጠየቀችኝ። ሌላ የምንለው አልነበረንም፤ ሒሳቤ እስኪያልቅ ግን አልዘጋንም።

ስለ መዋጮም አንድ ቃል። የመመዝገቢያና የካናቴራ ብላችሁ ያወጣችሁት ዋጋ ለጡረተኛ ጥበቃ ብዙ ነው። ካናቴራው ይቅርበትና ትራንስፖርቱን ቻሉት። በዓመቱ በዓል ላይ ከምታወጡት ግማሹ ከአገር ቤት ሃያ ሰው ያመጣል።

እኛ አሥራ አንዳችን ማኅበር አይደለንም። ማኅተም የለንም። ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ በተራ እደውላለሁ። «ይሰማል?» እላለሁ፤ «ይሰማል» ይሉኛል። አንዳንዱ ጋ በዚያው ያበቃል፤ አንዳንዱ ጋ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሐረር ያለው ጆሮው ስለከበደ ልጁ ናት የምትመልስልኝ፤ ወግ አድርጋ ይዛዋለች፣ ድምፅዋን እንደ ወታደር ታወፍረዋለች። ባለፈው ማክሰኞ አንዱ አልመለሰም። ደንግጬ ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ባትሪ አልቆበት ነው። በማግሥቱ ሰደብኩት።

ጓደኛዬ ከጥበቃ ሥራው ጡረታ ወጥቷል፤ ቀን ቀን ሥራ ፈት ነው። እኔም ብዙ ጊዜ አለኝ። ዝርዝር መጻፍ፣ ድምፅ መቅዳት፣ አገር ቤት ሄዶ መጠየቅ ካስፈለገ ያለ ክፍያ እንሠራለን። ስልኬን እዚህ አደባባይ ላይ አልጽፍም። ቅጹን ካልጣላችሁት ግን እዚያው ላይ አለ፣ «ናቅፋ» ከሚለው ጎን።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ስልከኛ